በዓይኔ በብረቱ፦ የአየርላንድ ምስክሮችና ቃላቸውን የተቀበሉት ሰዎች

በ2010 አየርላንድ ደሴት ላይ ሁለት የምስክርነት መዝገቦች በአራት ወር ልዩነት ለሕዝብ ተከፈቱ። አንደኛው የ38 ዓመት ጉዳይ ነው። ሌላኛው ወደ 370 ዓመት ይጠጋል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ጁን 15 ቀን ነው። ሰሜን አየርላንድ፣ ዴሪ ከተማ አደባባይ ላይ ሕዝቡ ትልቅ ስክሪን ፊት ቆሟል። በ1972 የእንግሊዝ ወታደሮች ሰልፍ ላይ የገደሏቸው ሰዎች ቤተሰቦች ጊልድሆል የሚባለው ሕንፃ ውስጥ ገብተው የግድያውን አጣሪ ሪፖርት ቀድመው እያነበቡ ነው። ድንገት በመስኮት እጆች ወጡ፤ አውራ ጣት ወደ ላይ። ውጭ ያለው ሕዝብ ነገሩ ገባው። ትንሽ ቆይቶ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ከለንደን ፓርላማ ሲናገሩ፣ ግድያው ምክንያት እንዳልነበረውና ምንም ዓይነት ምክንያት ሊሰጠው እንደማይችል አመኑ።

ሁለተኛው ኦክቶበር 22 ቀን፣ ደብሊን። ትሪኒቲ ኮሌጅ ከ1641ዱ የካቶሊኮች ዓመፅ በኋላ የተጻፉ ወደ 8,000 የሚጠጉ ምስክርነቶችን ኢንተርኔት ላይ መልቀቁን ምክንያት አድርጎ ኤግዚቢሽን ከፈተ። የከፈቱት የዚያን ጊዜዋ የአየርላንድ ፕሬዚዳንት ሜሪ ማካሊስ ናቸው፤ የቤልፋስት ካቶሊክ። ከእንግዶቹ መካከል ዕድሜ ልካቸውን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ሲያወግዙ የኖሩት ፕሮቴስታንቱ ቄስና ፖለቲከኛ ኢያን ፔዝሊ ነበሩ። ፔዝሊን ልብ በሉልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ።

ሁለቱም መዝገቦች ለማንም ክፍት ናቸው፤ በስልክም ይነበባሉ። እኔ የገባሁባቸው ምስክሮቹን ፍለጋ ነበር። እያነበብኩ ስሄድ ግን ዓይኔ ወደ ጸሐፊው ዞረ። ቃሉን የተቀበለው ማነው? ለምን ፈለገው? ከጻፈው በኋላስ ምን አደረገበት? አንድ ሰው በዓይኔ በብረቱ አየሁ ሲል፣ የቃሉ ዕጣ የሚወሰነው በአብዛኛው ጠረጴዛው ማዶ በተቀመጠው ሰው ነው።

ከዴሪው ልጀምር፤ ቅርብ ነው። ጃንዋሪ 30 ቀን 1972፣ እሁድ። ሰውን ያለ ፍርድ ማሰርን ለመቃወም በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሰልፍ ወጣ። ከቀኑ አስር ሰዓት እንዳለፈ የእንግሊዝ ፓራሹት ሬጅመንት ወታደሮች ቦግሳይድ ወደሚባለው የካቶሊኮች ሰፈር ገቡ። በአስር ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከ100 በላይ ጥይት ተኮሱ። 13 ሰው በዚያው ቀን ሞተ። ከቆሰሉት አንዱ ከወራት በኋላ አረፈ።

ኤድዋርድ ዴይሊ የሰፈሩ ቄስ ነበሩ፤ በኋላ ጳጳስ ሆነዋል። ወታደሮቹ ሲመጡ ከሕዝቡ ጋር ሮጡ። አጠገባቸው የ17 ዓመቱ ጃኪ ዳዲ ይሮጣል። ልጁ እየሮጠ ይስቃል። ቄስ ሲሮጡ ማየት አስቆት ነው፤ አሯሯጣቸውም የሚያምር እንዳልነበር አባ ዴይሊ ራሳቸው ተናግረዋል። ከዚያ ተኩስ ተሰማ። ልጁ ትንፋሹ ቁርጥ ሲል ሰሙት፤ ወደቀ። ዓለም የሚያውቀው ፎቶ ከዚህ በኋላ የተነሳ ነው፤ ቄሱ ጎንበስ ብለው በደም የራሰ ነጭ መሐረብ እያውለበለቡ፣ ልጁን ከተሸከሙት ሰዎች ፊት ፊት ሲሄዱ። ፎቶው ታላቅ ነው፤ አልክድም። እኔን ያሳመነኝ ግን ያ ሳቅ ነው። ውሸት የሚፈጥር ሰው እዚያ ቦታ ላይ ሳቅ አይጨምርም።

ባርኒ ማክጊጋን ደግሞ አለ። የስድስት ልጆች አባት። ፓዲ ዶኸርቲ የሚባል ሰው ተመትቶ ሲያጣጥር ከግንብ ጥግ ሆኖ ይሰማዋል። አብረውት የተሸሸጉት አትሂድ አሉት። ብቻውን ሲሞት ዝም ብዬ አላይም ብሎ ነጭ መሐረብ እያውለበለበ ወጣ። ጭንቅላቱን መቱት። ይህን ያዩት ብዙ ሰዎች ናቸው።

ወዲያው የሲቪል መብት ማኅበራት ሰዎች ከ500 በላይ የዓይን ምስክሮችን ቃል ተቀበሉ። ደሙ ገና ከአስፋልቱ አልጠፋም፤ ማንም የማንንም ታሪክ ሰምቶ አልደባለቀም። ለመርማሪ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። መንግሥትም አጣሪ ሾመ፤ የእንግሊዝን ዋና ዳኛ ሎርድ ዊጀሪን። በዚያ ሰሞን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤድዋርድ ሂዝ ለዳኛው የነገሯቸው ነገር በቃለ ጉባኤ ተይዟል፤ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ የምንዋጋው በጦር ብቻ አይደለም፣ በፕሮፓጋንዳም ነው፣ ይህን አይዘንጉ። እንግዲህ ዳኛ ሥራ ሲጀምር የሚሰጠው ምክር ይህ ከሆነ፣ የቀረውን መገመት አያቅትም።

ችሎቱ ዴሪ ከተማ ላይ አልዋለም። ራቅ ብሎ፣ ፕሮቴስታንቶች የሚበዙበት ኮልሬይን ነው የተቀመጠው። የምስክሮቹ ወረቀት ዳኛው ዘንድ ደረሰ። ዘግይቶ መጣ ተባለ፤ ከጥቂቱ በቀር ሌላውን ውሃ በላው። ሪፖርቱ በ11 ሳምንት ተጠናቀቀ። ከ40 ገጽ አይበልጥም። የአንዳንዱ ወታደር ተኩስ ለግድየለሽነት የቀረበ ነው አለ። ከሟቾች አንዳንዶቹ ጠመንጃ ወይም ቦምብ ሳይዙ አልቀሩም የሚል ጥርጣሬም ጣለ። ልጇን የቀበረች እናት የቦምብ ወርዋሪ እናት ተብላ ቀረች።

በዚያ እሁድ የ15 ዓመት ልጅ ከነበሩት ምስክሮች አንዱ ዶን ሙላን ነው። በልጅነቱ የሰጠውን ቃል በ1990ዎቹ ከነጎረቤቶቹ ወረቀት አገኘው፤ በ1997 በመጽሐፍ አሳተመው። በዓመቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቶኒ ብሌር አዲስ አጣሪ አቋቋሙ። የሎርድ ሳቪል አጣሪ ቡድን 12 ዓመት ፈጀ። ከ900 በላይ ሰው ቀርቦ ቃሉን ሰጠ። ሪፖርቱ ወደ 5,000 ገጽ ሆነ። ወጪው ከ190 ሚሊዮን ፓውንድ አለፈ። ይህን ብር ሲሰማ የሚንገሸገሽ ብዙ ነው። እኔን ያንገሸገሸኝ ሌላ ነገር ነው፤ የነገሩ ፍሬ በ1972 በነጻ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር።

እዚህ ጋ ብናቆም ታሪኩ ቀላል ነው፤ ምስክር ተናገረ፣ መንግሥት አልሰማም፣ በመጨረሻ እውነት ወጣ። የ1641ዱ መዝገብ ይህንን ያበላሸዋል። እዚያ መንግሥት ሰምቷል። እንዲያውም ከመጠን በላይ ሰምቷል።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዝ ዘውድ በሰሜኑ የኡልስተር ግዛት የአየርላንድ ካቶሊኮችን መሬት ነጥቆ ለእንግሊዝና ለስኮትላንድ ፕሮቴስታንት ሰፋሪዎች አደለ። በ1641 ኦክቶበር 22 ለ23 አጥቢያ በፌሊም ኦኒል መሪነት ዓመፅ ፈነዳ። አጀማመሩ ዘረፋና ማባረር ነበር። ክረምት ነው። ሰው ልብሱን ተገፎ ራቁቱን መንገድ ላይ ይጣላል፤ ብዙው በብርድ አለቀ። ቀጥሎ ግድያው መጣ። ገዳዩ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ነው፤ ምስክሮቹ በስም ያውቁታል፣ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይቀር።

ዲሴምበር ላይ የደብሊን መንግሥት ስምንት የፕሮቴስታንት ካህናትን ቃል እንዲቀበሉ ሾመ። መሪያቸው ሄንሪ ጆንስ ይባላል። መጀመሪያ የታዘዙት የጠፋ ንብረት እንዲመዘግቡ ነበር፤ ግድያ የተጨመረው ጃንዋሪ ላይ ነው። ለዚህ ነው ገጾቹ የሚያስደነግጡት። አንዲት ሴት ትመጣለች። ላሞቿን፣ ፈረሱን፣ እህሉን፣ ሰው ላይ ያላትን ብድር በፓውንድና በሺሊንግ ትዘረዝራለች። ቀጥላ በዚያው ዓረፍተ ነገር ባሏ መገደሉን ትናገራለች። መጨረሻ ላይ መጻፍ የማይችል ምልክት ያኖራል። መጀመሪያ ሳነበው ሰዎቹ ልባቸው የደነደነ መሰለኝ። ነገር ግን የቀረበላት ጥያቄ ይኸው ነው፤ ስንት ጠፋብሽ? የመለሰችው የተጠየቀችውን ነው።

ከሁሉም ስሙ የገነነው የፖርታዳውን ድልድይ ነው፤ ኖቬምበር 1641። ዊልያም ክላርክ የሚባል ቆዳ አልፊ ቃሉን ሰጥቷል። ከመቶ ከሚሆኑ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ጋር ዘጠኝ ቀን ታሰረ። ከዚያ እንደ አሳማ እየተነዱ ባን ወንዝ ደረሱ። ድልድዩ መሃሉ ላይ ተቆርጧል። በጦርና በሰይፍ እየገፉ ውሃው ውስጥ ጣሏቸው። ዋኝቶ ዳር ሊወጣ የሞከረውን ተኮሱበት። ክላርክ ገንዘብ ከፍሎ አመለጠ። ቃሉ አጭርና ደረቅ ነው። ምን እንዳየ፣ ስንት እንደሚሆኑ፣ በምን እንደገፏቸው። በቃ።

ኤልሳቤጥ ፕራይስ ግን ሌላ ናት። ልጆቿ ከዚያ ድልድይ ከተወረወሩት መካከል ናቸው። ቃሏን የሰጠችው በ1643፣ ዓመት ከመንፈቅ አልፎ ነው። ድልድዩ አካባቢ ጣዕረ ሞት ይታያል የሚል ወሬ ስትሰማ ከሌሎች ጋር ሄደች። በምሽት ደብዛዛ ብርሃን፣ አንዲት ሴት ወንዙ ውስጥ እስከ ወገቧ ቀጥ ብላ ቆማ አየች። ራቁቷን ናት። ፀጉሯ ተበትኗል፤ ዓይኗ ያብለጨልጫል፤ ገላዋ እንደ በረዶ ነጭ ነው። «በቀል! በቀል! በቀል!» ትላለች። የካቶሊኮቹ ጦር አዛዥ ኦወን ሮ ኦኒልም አብሮ ነበር፤ ካህንና መነኩሴ ልኮ በእንግሊዝኛም በላቲንም አስጠየቃት ይላል ጽሑፉ። መልስ የለም።

ይህን ምን ታደርጉታላችሁ? ከመቶዎች ዓመታት በኋላ የመጡ ተጠራጣሪዎች ቀላል መንገድ አገኙ። መንፈስ ያየች ሴት ምስክር ናት? መዝገቡ በሙሉ ተረት ነው፣ ጣሉት። ሌላው ወገን ደግሞ እንዳለ ዋጠው፤ ወንዙም ሙታኑም በቀል ይጠይቃሉ አለ። እኔ ሁለቱንም አልገዛም። ልጆቿ የሰመጡባት እናት ወደዚያው ውሃ ሄዳ በጨለማ ስታፈጥ ምን እንደታያት ነው የነገረችን። ሰዎች ከዚያ ድልድይ መጣላቸውን ክላርክ ከሌላ አቅጣጫ ያጸናልናል። እሷ የምትሰጠን ከሞቱ በኋላ ያለውን ነው፤ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል እናት ልብ ውስጥ የሚጮኸው ቃል የትኛው እንደሆነ። የፍርድ ቤት ማስረጃ አይሆንም። ግን ሐሰትም አይደለም። እንዲያውም ከመዝገቡ ሁሉ የማይለቀኝ ይህ ገጽ ነው።

ችግሩ ካህናቱ ሁለቱን ዓይነት ቃል በአንድ ሚዛን መመዘናቸው ነው። ሮበርት ማክስዌል የሚባል ካህን ዓመፀኞቹ እጅ ሆኖ ከረመና ረጅም ቃል ሰጠ። ራሱ ያየው ብዙ ነው። ነገር ግን ዓመፀኞቹ ራሳቸው 154,000 ሰው መግደላቸውን ቆጥረዋል ሲባል ሰምቻለሁ አለ። ያየውም የሰማውም በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ በአንድ መሐላ ሥር ተቀመጠ። ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት ይላል የእኛ ሰው። የደብሊን ካህናት መላውን ትተው ቁጥር ነው የጨመሩት። ሄንሪ ጆንስ የተመረጡ ገጾችን በ1642 ለንደን አሳተመ፤ ዓላማው ለተፈናቃዮች ገንዘብ፣ ለጦርነቱም ድጋፍ ማግኘት ነበር። በ1646 ጆን ቴምፕል የሚባል የደብሊን ባለሥልጣን ባሳተመው መጽሐፍ ቁጥሩን 300,000 አደረሰው። በዚያ ዘመን ደሴቲቱ ላይ ያሉ ፕሮቴስታንቶች አንድም ሳይቀር ቢቆጠሩ ያን ያህል አይሞሉም። ዛሬ የታሪክ ምሁራን የተገደሉትን በጥቂት ሺዎች ይገምታሉ፤ በብርድና በረሃብ ያለቁት ሲደመሩ ከዚያ ከፍ ይላል። ይህም ቢሆን እልቂት ነው። ማሳበጥ አያስፈልገውም ነበር።

ያበጠው ቁጥር ሰይፍ ሆነ። ሴፕቴምበር 1649 ንጉሡን የተዋጋው የእንግሊዝ ፓርላማ ጦር አዛዥ ኦሊቨር ክሮምዌል አየርላንድ ውስጥ ድሮሄዳ ከተማን ሰብሮ ገባ። እጅ የሰጡትን ጨምሮ ወታደሩን አረደ፤ ካህናትንና ሲቪሎችንም። ቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት ውስጥ የተሸሸጉትን በእሳት አቃጠለ። ለለንደን ሲጽፍ፣ ይህ እጃቸውን በብዙ ንጹሕ ደም በነከሩ አረመኔዎች ላይ የወረደ የእግዚአብሔር የጽድቅ ፍርድ ነው አለ። ንጹሕ ደም ያለው የ1641ዱን ነው። ጉዱ ግን እዚህ ላይ ነው። ድሮሄዳ በ1641 የዓመፀኞቹ ከተማ አልነበረችም፤ ከበዋት ለወራት የተቋቋመቻቸው ከተማ ናት። በ1649 ከሞቱት ወታደሮች ብዙዎቹም የንጉሡ ደጋፊ እንግሊዞች ነበሩ። የኤልሳቤጥ ፕራይስ ለቅሶ በወንዙ ምንም ባልሠሩ ሰዎች ላይ ወረደ።

የካቶሊኮቹስ ምስክርነት? በጃንዋሪ 1642 አይላንድማጊ በሚባል ልሳነ ምድር ላይ ወታደሮችና ሰፋሪዎች ካቶሊክ ቤተሰቦችን ከነልጆቻቸው ፈጅተዋል። የጆንስ ካህናት የእነዚህን ቃል አልፈለጉም። የተጻፈው በ1653 ነው፤ ከ11 ዓመት በኋላ፣ ያውም የክሮምዌል ሰዎች የቆዩ ግድያዎችን ሲመረምሩ። እስከዚያ ባዶውን ወሬ ሞላው። የሟቹ ቁጥር በካቶሊኮቹ በኩል 3,000 ተባለ፤ እሱም የተጋነነ ነው። ካልተጻፈ ምስክርነት የሚበቅለው ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ፖርታዳውን ወዳለበት አርማ አውራጃ እንመለስ፤ ዘመኑ ግን 1976። ጃንዋሪ 4 ቀን ማታ የፕሮቴስታንት ታጣቂዎች ሁለት ካቶሊክ ቤቶች ገብተው ተኮሱ፤ የሪቪና የኦዳውድ ቤተሰቦች ናቸው። አምስቱ ያኔውኑ ሞቱ፤ ስድስተኛው፣ ከሪቪ ወንድማማቾች አንዱ፣ በወሩ መጨረሻ። በማግሥቱ ኪንግስሚል አጠገብ የፋብሪካ ሠራተኞችን ወደ ቤታቸው የሚወስድ ሚኒባስ ታጣቂዎች አስቆሙ። ካቶሊኩ የቱ ነው? ብለው ጠየቁ። አንድ ብቻ ነበር፤ ሪቻርድ ሂዩዝ። ፕሮቴስታንት ጓደኞቹ ሊገድሉት የመጡ የራሳቸው ወገን ታጣቂዎች መሰሏቸው። አጠገቡ የቆሙት ወንድማማቾች እጁን ያዝ አድርገው እንዳይንቀሳቀስ ምልክት ሰጡት። ታጣቂዎቹ ግን አይ አር ኤዎች ነበሩ፤ የእንግሊዝን አገዛዝ የሚዋጉ ከካቶሊኩ ወገን የወጡ ታጣቂዎች። ሂዩዝን ሂድ አሉት። የቀሩትን 11 ፕሮቴስታንቶች ደረደሩና ተኮሱባቸው። አሥሩ ሞቱ።

አንዱ ተረፈ። አለን ብላክ፤ 18 ጥይት አርፎበታል። ያቺን የእጅ ነገር የምናውቃት ከተረፉት ሰዎች ነው። ብላክ ባይኖር ኪንግስሚል በሁለት ጎራ ዲስኩር ብቻ ይቀር ነበር። በ1999 ያ ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ ኢያን ፔዝሊ ፓርላማ ውስጥ ተነስተው፣ ከሪቪ ወንድማማቾች አንዱን የኪንግስሚሉ ግድያ ተካፋይ ነው ብለው ከሰሱ። ወንድሞቹን የቀበረ ሰው ነው። ፖሊስ ሰውየውን የሚያስጠረጥር ነገር እንደሌለ ተናገረ። ከሁሉም በላይ የቆመለት ግን አለን ብላክ ነው፤ ጓደኞቹ የታረዱበት ፕሮቴስታንት፣ ንጹሕ መሆኑን አውቃለሁ አለ። ከ11 ዓመት በኋላ ፔዝሊ ትሪኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ስለ 1641 ምስክሮች ሲናገሩ፣ ይህ ነገር በሐሳባቸው ያልፍ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ለማንኛውም መገኘታቸውን አከብራለሁ።

የኪንግስሚል የሞት ምርመራ የተጠናቀቀው ኤፕሪል 2024 ነው። የኃይማኖት ጥላቻ የወለደው የአይ አር ኤ ጥቃት ነው ተባለ። እስከ ዛሬ የተፈረደበት ሰው የለም። ከሳምንታት በኋላ፣ ሜይ 1 ቀን፣ የእንግሊዝ መንግሥት ያወጣው ሕግ ያላለቁ ምርመራዎችን ሁሉ አስቆመ።

የዴሪውስ? ሳቪል ፊት ቃል የሰጠ ሰው፣ ያው ቃሉ በራሱ ላይ የወንጀል ማስረጃ ሆኖ እንደማይቀርብበት ዋስትና ነበረው። ያለዚያ ወታደሮቹ አይናገሩም ነበር። በ2025 ሴፕቴምበር ላይ «ወታደር ኤፍ» ተብሎ የሚጠራው የቀድሞ ፓራሹተኛ በሁለት ሰው ግድያና በአምስት የግድያ ሙከራ ቤልፋስት ለፍርድ ቀረበ። የዓቃቤ ሕግ ዋና ማስረጃ አብረውት የነበሩ ሁለት ወታደሮች በ1972 የሰጡት ቃል ነው። አንዱ ሞቷል። ሌላው አልናገርም አለ። ከሲቪሎቹ መካከል የትኛው ወታደር የትኛውን ሰው እንደመታ መለየት የሚችል አልነበረም፤ እየሮጡ፣ መሬት ላይ ተኝተው ነው ያዩት። ዳኛው ኦክቶበር 23 ቀን ፈረዱ። ወታደሮቹ ዲሲፕሊን ጥለው የሚሸሽ መሣሪያ አልባ ሰው ላይ መተኮሳቸውን በግልጽ ተናገሩ። ማስረጃው ግን አንድን ሰው ለመቅጣት አይበቃም አሉ። ነጻ ተለቀቀ።

ፍርዱን ሳነብ ተናደድኩ፤ ደግሞም ዳኛውን መውቀስ አልቻልኩም። መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብለት በማይችል የሙት ቃል ሰው ይታሰር ማለት፣ ማክስዌል የሰማውን እንደታየ መጻፍ ነው። ያ ጥያቄ መጠየቅ የነበረበት በ1972 ነው፤ ወታደሮቹ ወጣት ሆነው፣ ጠመንጃቸው ሳይጠፋ፣ ከ500 በላይ ምስክሮች አንድ ሰዓት በማይሞላ የመኪና መንገድ ላይ ተቀምጠው። ኮልሬይን ላይ ጠያቂ ነበረ። አልጠየቀም።